በእፍኝ ማሽላ የተገዛ ስም

ጂዳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ፈቲያስ ማስተማሩ ተስማማት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ሀናን ሰላም ብላዎታለች፤ ሱቁም በአላህ ፈቃድ ውሎ ይገባል።

በስልክ ስንነጋገር ትጮህብኛለህ ብለው ስለወቀሱኝ፣ እንደ ድሮው በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በፈቲያ ስልክ ልኬያለሁ። ወረቀት አይጮህም ያሉት እርስዎ ነዎት።

ሁለት የምሥራች አለኝ። ልጄ ሀያት ታጭታለች። የሙሽራው ቤተሰቦች እዚሁ ጂዳ የኖሩ፣ ስመ ጥር ነጋዴዎች ናቸው፤ ኒካሁም ከሐጅ በኋላ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ዘንድሮ እርስዎን ሐጅ ላስደርግዎ አስቤ ነይቻለሁ። አባቴ ነስሮ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እንደተመኘው ሳይደርስለት ሄደ። ታላቅ እህቱ ብታደርስለት እንቅልፍ የምተኛ ይመስለኛል። ወጪው በሙሉ የእኔ ነው፤ ሲመጡም የሚያርፉት እኔ ቤት ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች። ፓስፖርት ሳይወጣ በፊት ስምዎን በፍርድ ቤት ቢያስቀይሩት መልካም ነው። እዚህ ሰው ሲያነበው የክርስቲያን ስም ይመስለዋል፣ ወረቀት ላይም ችግር ያመጣል። «ሐዋ አደም» ቢባል ለአፍም ለጆሮም ይቀላል። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ አይወስድም አሉኝ።

ሰው ካገኙ ትንሽ አብሽ ቢልኩልኝ ደስታዬ ነው። የዚህ አገር አብሽ አይመርም።

ልጅዎ አንዋር ነስሮ


ሐረር፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአንዋር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሪዝቅህን ያስፋው፣ ሀያትን የሐላል ቤት እመቤት ያድርጋት፣ የሰጠ እጅህን አይጠፈው። ጉልበቴን ጠይቀሃል። ከጊደር መጋላ ገበያ እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት እየተራገመ ይወጣል፤ ይወጣል ግን።

ሐጅ የምትለዋን ቃል ሳነብ መነጽሬን አውልቄ አለቀስኩ። ፈቲያ «እማ፣ ማን ሞተ?» ብላ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ሐጃጆች ሲሸኙ ከኋላ ቆሜ «ለእኔም ዱዓ አድርጉልኝ» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን እኔን ሊሸኙኝ! የቅመም መደቤ ላይ ተቀምጬ በርበሬውን ስመዝን ሳላውቀው ለደንበኛዬ ትርፍ ጨመርኩላት።

ስሙን ግን ተወው፣ ልጄ።

አባትህ ነግሮህ እንደሆነ አላውቅም፤ ወንዶች እንዲህ ያለውን አያወሩም። አያትህ፣ የእኔ እናት፣ ልጅ አልበረክት ብሏት ነበር። ትወልዳለች፣ አርባው ሳይወጣ ትቀብራለች። ያኔ ከገጠር ወተት ተሸክማ መጥታ ከግንቡ ውጭ ላሉት የክርስቲያን ቤቶች ታቀርብ ነበር። አንዷ ደንበኛዋ እትዬ እልፍነሽ ነበሩ፤ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር ላይ የቀሩ። እናቴ እኔን አርግዛ ወተቱን ስትቀዳላቸው እንባዋ መጣ። እትዬ ነገሩን ያውቁት ነበርና «ይህኛውን ለእኔ ሽጭልኝ» አሏት።

በተወለድኩ በሰባተኛው ቀን አባቴ አቅፎኝ ከተማ ገባ። እትዬ እልፍነሽ ከቤታቸው ውስጥ ሆነው አንድ እፍኝ ማሽላ በኩታው ላይ አፈሰሱለት፤ እሱም እኔን በመስኮት አቀበላቸው። በበር የገባ በበር ይወጣል ብለው ነው በመስኮት የተቀበሉኝ። ከዚያ «እንግዲህ የእኔ ናት፤ ስሟም ስሜ ነው። እናንተ አሳድጉልኝ» ብለው መልሰው ሰጡት። ሌላው ሰው እንዲህ ላለ ልጅ ሞት ይጸየፈው ብሎ ውዳቂ ስም ያወጣለታል። እሳቸው ግን የራሳቸውን ሰጡኝ። ዋጋዬ እፍኝ ማሽላ ነው፤ ዘንድሮ ማሽላ ሲወደድ እኔም ትንሽ ከበርኩ።

ትርጉሙንም ልንገርህ። የእትዬ አባት ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር አልወለዱም ነበርና ጎረቤት ያሽሟጥጣቸው ነበር። እሳቸውም «አንዷ ልጄ እልፍ ናት» ብለው እልፍነሽ አሏት። አስር ሺህ ሰው ትመዝኛለሽ ማለታቸው ነው። ስሙ ከጥንቱም ለአሽሙረኛ የተሰጠ መልስ ነበር። እንዲህ ያለውን ስም ዳኛ ፊት ቆሜ አውልቄ ልመለስ?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሐዋ የሚለውን ስም ከየት አመጣኸው?

አብሹን በሰው እልካለሁ።

አክስትህ እልፍነሽ አደም


ጂዳ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። አብሹ ደርሶናል፤ ሀናን ቤቱን ሐረር አስመሰለችው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎን በደረሰኝ ቀን ማየቴን ፈቲያ ሳትነግርዎ አልቀረችም፤ ስልክ ያሳብቃል።

እዚህ ያሉ አዋቂዎችን አማክሬያለሁ። ልጅ መሸጥ፣ በመስኮት ማሳለፍ፣ ሞትን በስም ማታለል ከእስልምና በፊት የነበረ የጃሂልያ ዘመን ልማድ ነው አሉኝ። ይህንን የምለው እናትና አባትዎን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያን ጊዜ ማን አስተማራቸው? ዛሬ ግን ከዚያ ልማድ የተረፈውን ስም መጣል ለእርስዎም ምንዳ አለው። ስም እኮ ልብስ ነው፣ አክስቴ።

ሐዋ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት ጠይቀውኛል። እውነቱን ልንገርዎ። የሙሽራው አባት ጥብቅ ሰው ናቸው። ስለ ዘመዶቼ ሲጠይቁኝ «አባቴን ያሳደገች አንዲት አክስት አለችኝ» አልኩ። «ማን ትባላለች?» አሉ። ሐዋ ብዬ መለስሁ። አስቤው አይደለም፣ አፌ ላይ መጣ። ልጅ ሳለሁ አያቴ ስሙን ስትጠራው የሰማሁ ይመስለኛል።

አሁን በሐጅ ሰሞን እርስዎ እኔ ቤት ሲያርፉ ከእሳቸው ጋር መገናኘትዎ አይቀርም። ፓስፖርቱ ሌላ ስም ይዞ ከመጣ እኔ ምን ልባል ነው? የሀያት ነገር ገና አልታሰረም። ስለዚህ ስሙ ካልተስተካከለ ሐጁን ለሌላ ዓመት ማቆየት ሊኖርብን ነው። ያስቡበት።

ልጅዎ አንዋር


ሐረር፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንዋር ነስሮ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ልጅህን ይባርክልህ። ቁጣዬ ለአንተ እንጂ ለእሷ አይደለም።

ሐዋ ማን እንደሆነች ልንገርህ። ሐዋ ታላቅ እህቴ ናት። ከእኔ በፊት የተቀበረችው የመጨረሻዋ ልጅ እሷ ነበረች። አያትህ እስክትሞት ድረስ ሶላቷን ስትጨርስ መስገጃው ላይ እንደተቀመጠች ስሟን በለሆሳስ ታነሳ ነበር። አንተ ሕፃን ሆነህ ጭኗ ላይ ስትጫወት የሰማኸው ያንን ነው። እናቴ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሐዋ እንዳትጠራ ብላ ስሜን ከሰው ቤት አመጣች። አንተ ደግሞ ፍርድ ቤት ሂጂና የእህትሽን ስም ልበሽ ትለኛለህ። ስም ልብስ ነው አልክ? ይኼኛው ልብስ አይደለም፣ ከፈን ነው።

አለማወቅህን አውቃለሁ። ግን ጠይቄህ ነበር እኮ! ከየት አመጣኸው ብዬህ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ያመለጠህን ግን መመለስ ያለብህ አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም።

ጃሂልያ ነው ላልከኝ የሰፈራችንን ሼህ ሄጄ ጠየቅኩ። እሳቸው እንዳንተ ከሩቅ አይፈርዱም።

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እልፍ ነሽ፣ ብዙ ነሽ ማለት ነው።»

«ጣዖት ይነሳበታል?»

«ኧረ ወላሂ የለበትም።»

«እንግዲያ የመስኮቱን ነገር ተይው፤ እሱ ከንቱ ነው። ያኖረሽ አላህ ነው። ስሙን ግን ምን አርጊ ነው የሚሉሽ? ሰናይ ስም ነው። በዐረቢው አልፍ ሺህ ነው፤ ያንቺው አስር ሺህ ከሆነማ በለጥሽን!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሼሁ በሳቁበት ስም አንተ አፈርክበት።

ማን ማን እንደተሸከመውም ስማ። እትዬ እልፍነሽ በሶማሌ ጦርነት ዓመት ከተማው ግማሹ ሲሸሽ «ከቤቴ የሚያስወጣኝን አየዋለሁ» ብለው ቀሩ። ምድር ቤታቸው ውስጥ የእስላምም የክርስቲያንም ልጅ ተደባልቆ ተኛ፤ አንዱ አባትህ ነበር። እልፍነሽ የምትባል ደግሞ መሠረተ ትምህርት ያስተማረችን ልጅ ነበረች። ገበሬ ባሎች ሚስቶቻችንን አናስተምርም ብለው በሩን ሲዘጉባት ጥቁር ሰሌዳዋን ገበያ መሐል አቁማ አስተማረችን። ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያገኘሁት ከእሷ ነው። ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ያላትን እልፍነሽንማ አንተም ታውቃታለህ፤ ሴት አስተናጋጇን የጎነተለውን ደላላ በትሪ መትታ ያስወጣችው። እልፍነሽ ተብላ አንገቷን የደፋች ሴት እስካሁን አላየሁም። የመጀመሪያዋ እኔ አልሆንም።

ሐጁን ተወው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔ ከዳር ነቃሁ። ከፍቶኝ ነው የምጽፈው፣ አልዋሽህም። ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ከሐጅ ስመለስ የምመለሰው እኔው መሆን አለብኝ።

አክስትህ እልፍነሽ አደም


ጂዳ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የሐዋን ነገር አለማወቄን አላህ ያውቃል። አውፍ ይበሉኝ።

ስለዚህ ሐዋ ይቅር። ከሀናን ጋር ተመካክረን ዘይነብ ይሻላል ብለናል። ለሙሽራው አባት «ሐዋ የቤት ስሟ ነው፤ በወረቀት ዘይነብ ናት» እላቸዋለሁ። ካልወደዱት ፋጢማም አለ። የሐጅ ምዝገባው ሊዘጋ ነውና ቶሎ ያሳውቁኝ።

ልጅዎ አንዋር


ጂዳ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ለረመዳን አደረስዎ። የጥር ወሩን ደብዳቤ ፈቲያ ማየቷን ስልኬ ነግሮኛል፤ መልስ ግን የለም። ታመው እንዳይሆን ሰጋሁ። የሐረር ሰው ሳገኝ ጠየቅሁ፤ «መደቧ ላይ የለችም» አለኝ። መደቧ ላይ የለችም ምን ማለት ነው? እባክዎ አንዲት ቃል ይጻፉልኝ።

አንዋር


ሐረር፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንዋር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ። አልታመምኩም፣ አልሐምዱሊላህ። ዝም ያልኩት አንድ ነገር እስክጨርስ ነው።

ዘይነብን ሳነብ ስቄ ሞትኩ። ልጄ፣ እኔ ስም አጥቼ ገበያ የወጣሁ መሰለህ? «ይኼ ጠበበኝ፣ ያኛውን አምጣ» የምል? ፈቲያም ስቃ ስቃ ለአንድ ሳምንት ዘይነብ እያለች ጠራችኝ። በስምንተኛው ቀን አባረርኳት።

መደቤን ሸጬዋለሁ። አዎ፣ ጊደር መጋላ ያለውን፣ እናቴ ወተቱን ትታ ቅመም ስትጀምር የያዘችውን። የገዛችኝ ልጅ ጥሩ ናት፤ ቁንዶ በርበሬን ከአቧራ ትለያለች። የመጀመሪያው ቀን አልፌ ስሄድ እግሬ ለብቻው ወደዚያ ዞረ፤ ጎትቼ መለስኩት። በዚያ ላይ የቆጠብኳትን ጨምሬ ሐጅ ተመዘገብኩ። በፋይዳዬም በፓስፖርቴም ላይ ያለው ስም አንድ ነው። ማንም አልከለከለኝም። መዝጋቢዋ ሂጃቧን እያስተካከለች «እልፍነሽ፣ ደስ የሚል ስም ነው» ብላ ነው የጻፈችው። ወረቀት ችግር ያመጣል ያልከኝ ሰው፣ ወረቀቱ ይኸው ችግር የለበትም።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ዞሮ አውፍ እንደሚጠይቅ ታውቃለህ። ጎረቤቱን ሁሉ ጨርሼ እትዬ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤቱን የያዘችው የልጅ ልጃቸው ፍሬሕይወት ናት። ባሏ ኃይለመስቀል በሩን ከፍቶ «እማማ እልፍነሽ፣ በመስኮት አይገቡም ወይ?» አለኝ፤ የቤቱ ቀልድ ነው። በነጠላዬ ጫፍ እፍኝ ማሽላ ቋጥሬ ነበር። የሰው ገንዘብ ሆኖ ሐጅ መሄድ አይሆንም፤ ለፍሬሕይወት ዘረጋሁላትና «ልክፈልሽና ልቀቂኝ» አልኳት።

እጄን ማሽላውን እንደያዘ መልሳ ዘጋችው። «አያቴ የገዛችውን እኔ አልሸጥም» አለችኝ። «እኛው ነን ፈቅደን የምንልክሽ። ሂጂና በሰላም ተመለሽልን።» ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ኃይለመስቀል መሐላችን ቆሞ የሚይዘው ጠፋው።

ስምህን ከክርስቲያን ቤት ጋር እንዳልነካካብህ ፈርተህ ነበር። ይኸው መሰነባበቻዬ ከዚያው ቤት ሆነ።

ግንቦት መጨረሻ እዚያ ነኝ፣ ኢንሻአላህ። ቤትህ ላርፍ እንደማልመጣ አውቀኸዋል፤ ካልጠራኸኝ።

አክስትህ እልፍነሽ


ጂዳ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ሐጅዎን ተቀብሎ መብሩር ያድርግልዎ። መደቡን መሸጥዎን አነበብኩ። ለእኔ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በእኔ ምክንያት ግን ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ኒካሁ ሰኔ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ስሙ ነገር ከጂዳ ሰው ጋር ባይነጋገሩ፣ ወደ እኔም ቤት ባይደውሉ። ከኒካሁ በኋላ ሐረር ድረስ መጥቼ እግርዎን እስማለሁ። ሀያት ስለ እርስዎ ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት ጠፍቶኛል።

አንዋር


መካ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአንዋር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሐጄን ጨረስኩ። ጉልበቴ ያን ሁሉ መንገድ እየተራገመ ሳይሆን ዝም ብሎ ሄደ፤ እሱም አፈረ መሰለኝ። ካዕባን ሳይ ያዘጋጀሁት ዱዓ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። የመጣልኝን ለመንኩ። አባትህን አነሳሁት፣ ሐዋን አነሳኋት፣ አንተንም አነሳሁህ። ተቆጥቼ ነው ያነሳሁህ፣ ግን አነሳሁህ።

ስለ ስሜ ለጂዳ ሰው አልተናገርኩም። ለመካ ሰው ግን ተነግሯል፣ ያውም በጩኸት። ከሐረር የመጣነው ሴቶች በዚያ ሕዝብ ውስጥ መጠፋፋት ጀመርን። አንዷ «ሐዋ!» ብላ ስትጣራ ከየአገሩ ስንት ሴት ዞረ። «ፋጢማ!» ሲባልማ አትጠይቀኝ። በመጨረሻ ሴቶቹ መከሩና «የጠፋች ሁሉ እልፍነሽ ብላ ትጣራ፤ በዚህ ሁሉ ሰው መሐል እልፍነሽ አንዲት ናት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ቢጠፋ እኔን ይጠራል፤ እኔ ጃንጥላዬን አነሳለሁ፤ ሁሉም ወደ እኔ ይሰበሰባል። እልፍ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ለሰይጣን ውገራ ጠጠር በምንለቅምበት ሌሊት፣ ሙዝደሊፋ ላይ ከሌላ ቡድን የመጣ አንድ የአገራችን ሰው ጥሪውን ሰምቶ «ክርስቲያን ነሽ እንዴ?» አለኝ። «ክርስቲያን ብሆን በዚህ ሌሊት እዚህ ምን እሠራለሁ? ባይሆን ጎንበስ በልና ጠጠር ልቀምልኝ፣ ወገቤን አሞኛል» አልኩት። ለቀመልኝ። አየህ፣ ለአንተ የከበደህ ነገር ያን ያህል ነው የፈጀው።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ እንደርሳለን፤ ማታ ወደ አገራችን እንበራለን። ቤትህ አልመጣም፣ አልደውልምም፤ የለመንከኝን አክብሬያለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልደበቅም። ሀያትን ማየት እፈልጋለሁ። አክስቷ ማን እንደሆነች የምትመልስላት ከጠፋህ ይዘሃት ና፤ እኔ እመልስላታለሁ። የሙሽራውን አባት ብታመጣቸውም ግድ የለኝም። የሼሁን ሳቅ እነግራቸዋለሁ።

አዳራሹ በሐጃጅ የተሞላ ነው የሚሆነው፤ ሁላችንም ነጭ ለብሰን አንድ ዓይነት ነን፤ ካየኸኝም ዓመታት ሆነዋል። በዓይንህ አትለየኝም። መጥራት ይኖርብሃል። ሐዋ ብለህ ብትጣራ ብዙ ሴት ይዞርልሃል፣ እኔ ግን አልዞርም። ዘይነብ ብትልም አልዞርም። ሰው ሁሉ እየሰማህ፣ ድምፅህን ሳትቀንስ፣ በስሜ ጥራኝ። ጆሮዬ ደህና ነው።

አክስትህ፣
ሐጃ እልፍነሽ አደም